ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ኮሌጅ ሊገቡ የደረሱ ልጆችና ወላጆች ስለ አሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ጠይቃችሁኛል። የምችለውን ልመልስ። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ካቶሊክ ከሆኑ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ያለው ኑሮ ላይ ነው። ኢንዲያና ያለውን ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲን እንይ። በየዶርሙ ቤተ ጸሎት አለ፤ የወንድና የሴት ዶርም ለየብቻ ነው። እሁድ ማታ ልጆቹ በነጠላ ጫማ ከፎቅ ወርደው ያስቀድሳሉ። ግቢው ውስጥ፣ ፈረንሳይ አገር እመቤታችን ተገልጣበታለች የሚባለውን የሉርድን ዋሻ አስመስለው በ1896 የሠሩት ቦታ አለ። ፈተና ሲደርስ በሻማ ይሞላል። ያን ብርሃን ያየ ልጅ ብሮሹር አያስፈልገውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጆርጅታውን ሌላ ነው። ከ1789 ጀምሮ ያለ፣ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ነው፤ ግን በሩ ሰፊ ነው። ለኦርቶዶክሱም፣ ለአይሁዱም የሚያገለግል ሰው አለው። በ1999 ደግሞ የሙሉ ጊዜ ኢማም ቀጥሯል። እዚያው ዋሽንግተን ያለውን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አሜሪካን በ1887 ያቋቋሙት ራሳቸው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ናቸው። ትልቁ የማርያም ባዚሊካም አጠገቡ ነው። ኦሃዮ ስቱበንቪል ያለው፣ ፍራንሲስካን የሚባሉት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም ጠበቅ ይላል። ተማሪዎቹ በቡድን ቃል ገብተው አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ይኖራሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ኦርቶዶክስ ነው። ቅዳሴ ግባ ብለው ያስገድዱብኝ ይሆን?

አያስገድዱትም፣ እህቴ። ኮርሱ ግን አይቀርለትም፤ ኖትርዳምም ጆርጅታውንም ሁለት የነገረ መለኮት ኮርስ ያስወስዳሉ። ቁርባን ላይ ግን ቀድመሽ አነጋግሪው። የካቶሊክ ሕግ በራሱ ፈቃድ ለሚጠይቅ ኦርቶዶክስ በሩን አይዘጋም፤ የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም። ጓደኞቹ ተነሥተው ሲሰለፉ ምን እንደሚያደርግ እዚያ ሆኖ ማሰብ የለበትም። ከንስሐ አባቱ ጋር አሁኑኑ ይመካከር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁዳዴን ካፌ እየበሉ መጾም ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን «የጾም ምግብ» ብለህ አትጠይቅ። ካቶሊኮች በጾማቸው ዓርብ ሥጋ ይተዋሉ እንጂ ዓሣ፣ ወተትና አይብ ይበላሉ። «የጾም» ስትላቸው ዓሣ በቅቤ ያቀርቡልሃል። «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የሌለበት፣ በላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነ ደግሞ ካፌው ከምሳ በኋላ ይዘጋ እንደሆነ ጠይቅ። አንዳንዱ ጋ እስከ እራት ባዶ ሆድህን ትውላለህ።

ጥያቄ፦ ለጉብኝት ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

አስጎብኚውን ተዉት፤ የተመረጠ ልጅ ነው። ካፌ የተቀመጠ ተማሪ ፈልጉና «ባለፈው እሁድ ማታ የት ነበርክ?» በሉት። ሦስት አራት ልጆች ጠይቁ። በየዶርሙ ካህን ወይም መነኩሲት ይኖሩ እንደሆነም ጠይቁ። ሌሊት ልጁ ሲከፋው በር የሚያንኳኳው እነሱ ጋ ነው። ከቻላችሁ ልጁ አንድ ሌሊት ይደር።

ጥያቄ፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በግዕዝ ማስቀደስ ይናፍቀኛል።

እንግዲያው ዋሽንግተንን አስቀድሚ። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለ።