የሕፃናት ሳይኮሎጂስት ለመሆን ስንት ይወጣል? ስንትስ ይገባል?

ስለ ሙያው ከሚጠይቁኝ መካከል የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው። ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዓመት ይወስዳል። እሱ ብቻውን ግን በብዙ አገር ሳይኮሎጂስት አያሰኝሽም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ማስተርስ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በክትትል ስር መሥራት አለ። አሜሪካ ከሆነ ለግል ሥራ ፈቃድ በአብዛኛው ዶክትሬት ይጠየቃል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሌላ 5፣ 6 ወይም 7 ዓመት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤ አቅም የለውም። ልተወው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። አሜሪካ ውስጥ ምርምር ላይ የሚያተኩሩት የፒኤችዲ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ። በረዳት ተመራማሪነት ወይም በረዳት መምህርነት ስትሠራም ትንሽ አበል ይሰጡሃል። ሳይዲ (PsyD) የሚባለው ሕክምና ላይ ያተኮረ ዶክትሬት ግን ብዙውን ጊዜ በብድር የሚማሩት ነው። ዕዳው ለዓመታት ይከተልሃል። በእንግሊዝ ደግሞ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት 3 ዓመት ነው፤ ሰልጣኙ እየተማረ ደመወዝ ይበላል። ፉክክሩ ግን ያስለቅሳል። እኔ ብሆን ስሙ ከገነነው ይልቅ ወጪዬን የሚሸፍነውን እመርጣለሁ።

አንድ ወጪ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። እኩዮችህ ደመወዝ ሲያገኙ አንተ ገና ተማሪ ነህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ገቢውስ?

መልስ፦ ደህና ነው፤ ግን ቪላ አያሠራም። ትምህርት ቤት ከተቀጠርሽ ደመወዙ የተረጋጋ ነው፣ ዕረፍትም አለው። የግል ክሊኒክ የገቢ ጣሪያው ከፍ ይላል። ግን ኪራዩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ቀጠሮ ይዞ የሚቀረውም ደንበኛ ያንቺ ጣጣ ነው። ስጀምር የአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍያን በሳምንት 40 ሰዓት አባዝቼ ደስ አለኝ። የሞኝ ሂሳብ! ከልጁ ጋር 50 ደቂቃ ትቀመጫለሽ። ከዚያ ለመምህሩ መደወል፣ ወላጆችን ማነጋገር፣ ሪፖርት መጻፍ አለ። ብዙው አይከፈልበትም። የኦቲዝምና የትኩረት ችግር ምርመራ የሚችል ሰው ግን የተሻለ ያገኛል። ምርመራው ሰዓታት ይፈጃል፣ የሚሠራውም ባለሙያ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ብሆን አይሻልም?

መልስ፦ በገንዘብ ከሆነ በአብዛኛው አዎ። ግን መጀመሪያ ሐኪም መሆን አለብህ።

ጥያቄ፦ ልጆች በጣም እወዳለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ የሥራው ግማሽ ከወላጅ ጋር ነው። እነሱንስ?

ጥያቄ፦ ከመመዝገቤ በፊት ትምህርት ቤቱን ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ከጀመሩት ስንቱ ጨረሱ? በስንት ዓመት? ስንቱስ ፈቃድ አወጡ? ከተድበሰበሰብሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።