ስለ ቪፒኤኑ መንቀራፈፍና መቆራረጥ፦ መስመሩን ከማሳደጋችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ካለው ዋና ቢሯቸው ወደ ደሴና ወልድያ ስለዘረጉት ቪፒኤን (ቢሮዎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኝ ዘዴ) የጠየቀውን ወንድማችንን ጥያቄ ዛሬ ነው ያየሁት። የተሰጡትን መልሶችም አነበብኩ። ግማሹ «መስመሩን አሳድጉ» ይላል፤ ግማሹ «አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት» ይላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ይበላል፣ ሁለተኛው ቅዳሜን ይበላል፤ ችግሩ ግን ሰኞ ጠዋት እዚያው ይጠብቃችኋል።

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሰርቨሩ ኮምቦልቻ ነው፤ መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው የደሴ ቅርንጫፍና የወልድያው ቅርንጫፍ የሚገቡት በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር ነው። ቪፒኤኑ የሚሠራው ዋየርጋርድ በተባለ ፕሮግራም ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ መረጃ ሰርቨሩ ላይ በተጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ከደሴ ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት) ሲደረግ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ሪፖርት ሲከፈት ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ከረፋዱ ጀምሮ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል፣ ፕሮግራሙም «ግንኙነት ተቋርጧል» እያለ ይዘጋል። ወልድያ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አልገናኝም ይላል፤ ወደ ማታ ማንም ሳይነካው ራሱ ይገናኛል። ቢሮው አሁን የመስመሩን ፍጥነት በእጥፍ ለማሳደግ ዋጋ ጠይቋል።

ደሴና አካባቢዋ ያሉ ቢሮዎችን ኔትወርክ በመጠገን ነው የምተዳደረው፤ ይህን ዓይነቱን አቤቱታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በእኔ አስተያየት እዚህ ያሉት ቢያንስ ሦስት ችግሮች ናቸው፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይገናኙም። እንደ አንድ ስለታዩ ነው መፍትሔ ያጡት።

በወልድያው ልጀምር፤ እሱ ይበልጥ ይገርማል።

«ራሱ ይገናኛል» የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነው። ዋየርጋርድ ግንኙነት ሲጠይቅ በጥያቄው ውስጥ የኮምፒውተሩን ሰዓት አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ከዚያ ኮምፒውተር የመጣለትን የመጨረሻ ሰዓት ያስታውሳል፤ ከዚያ የቀደመ ሰዓት የያዘ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ይህ የተደረገው አንድ ተንኮለኛ የድሮ ጥያቄ ቀድቶ እንደገና እንዳይልክ ነው። አሁን የሠራተኛዋን ጠዋት አስቡት። ሥራ ስትገባ ተገናኝታለች። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል። የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ከሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ ቀኑና ሰዓቱ ተዛብቶ ይነሣል። እሷም ቀኑን ታስተካክላለች፣ ሰዓቱንም እንደ ልማዳችን 4 ሰዓት ብላ ትሞላለች። ኮምፒውተሩ ግን 4 ሰዓት ሲባል የሚገባው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚልከው ጥያቄ ጠዋት ከላከው በሰዓታት የቀደመ ይሆናል፤ ሰርቨሩም ይጥለዋል። ሰዓቱ እየቆጠረ ሄዶ የጠዋቱን ሲያልፍ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በሩ ይከፈታል። «ወደ ማታ ራሱ መጣ» የምትሉት ይህንን ነው።

የሚያናድደው ነገር ዋየርጋርድ ምክንያቱን አለመናገሩ ነው። የደንበኛው መዝገብ ላይ የሚታየው ሃንድሼኩ (ሁለቱ ጫፎች የሚተዋወቁበት የመጀመሪያ ልውውጥ) በ5 ሰከንድ ውስጥ እንዳልተጠናቀቀና እንደገና እየሞከረ እንደሆነ ብቻ ነው። ሰው ይህን ሲያይ ኔትወርኩን ይረግማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባትሪዋን ቀይሩ፣ የሰዓት ቀጠናውን ከዓለም ሰዓት በ3 ሰዓት በሚቀድመው ላይ አድርጉት፤ ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል አድርጉና ለሠራተኞቹ «የኮምፒውተሩን ሰዓት አትንኩ» ብላችሁ ንገሩ። በሀገራችን አቆጣጠር ማየት የሚፈልግ የግድግዳ ሰዓት ይስቀል። የሰዓቱ ምንጭ ግን ከቪፒኤኑ ወዲያ ያለው ሰርቨር እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ቪፒኤኑ አይነሣም፣ ቪፒኤኑ ካልተነሣ ሰዓቱ አይስተካከልም። ባትሪ የሌላቸው ትንንሽ ራውተሮችም መብራት በሄደ ቁጥር በዚሁ ጣጣ ይወድቃሉ።

እግረ መንገዴን፣ ሰርቨራችሁ ዶሜይን (የሠራተኞችን መግቢያ በአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ሥርዓት) ካለው ሌላም መዘዝ አለ፤ በዶሜይን መግቢያ ላይ የሚፈቀደው የሰዓት ልዩነት በተለምዶ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ፎልደሩ ብቻ እምቢ ይላል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ሰርቲፊኬት የሚጠቀም ነገር ሁሉ «ገና አልጸናም» እያለ ይመልሰዋል።

ወደ ደሴው ልለፍ። ትንሹ ነገር ያልፋል፣ ትልቁ ይደርቃል ማለት ብዙ ጊዜ የፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) መጠን ጉዳይ ነው። ተራ የቢሮ ኔትወርክ በአንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ያሳልፋል። በኤዲኤስኤል ላይ በፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል በሚገባበት ዘዴ) ሲገባ 1492 ይሆናል። በሞባይል መስመር ላይ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ዋየርጋርድ ደግሞ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ በአይፒ 4 (በተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ) ሲሄድ 60 ባይት የራሱን ይጨምራል። ፒንግ ትንሽ ስለሆነች ሾልካ ታልፋለች፤ ሪፖርቱ ግን ሙሉ መጠን ባላቸው ፓኬቶች ስለሚመጣ ወይ ይቆራረጣል ወይ መንገድ ላይ ይጣላል። መሃል ያለው መሣሪያ «ይህ በዝቷል፣ ቀንሱ» የሚል መልእክት መመለስ ነበረበት፤ ብዙ ፋየርዎል ግን ያንን መልእክት ራሱን ስለሚዘጋ ላኪው ምንም ሳያውቅ ይጠብቃል።

መለካቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከደሴው ኮምፒውተር ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ወደ ኮምቦልቻው የውጭ አድራሻ ፒንግ ላኩ፤ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን ምርጫ አብሩና መጠኑን 1472 አድርጉ። በዚህ ላይ 28 ባይት ስለሚጨመር 1500 ይሞላል። አያልፍም እንበል። 1464 ሞክሩ፤ ይህ 1492 ነው። አሁንም ካላለፈ እየቀነሳችሁ ውረዱ። ለምሳሌ 1372 ላይ መልስ ከሰጣችሁ የመንገዱ ልክ 1400 ነው። ከዚያ ላይ የዋየርጋርድን 60 ቀንሱ፤ 1340 ይቀራል። ዋየርጋርድ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚይዘው 1420 ስለሆነ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ይበዛል። በሁለቱም ጫፍ ቅንብር ውስጥ ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ከፍተኛ መጠን) 1340 ብላችሁ ጻፉ። በቪፒኤኑ በኩል የሚያልፈውን ትራፊክ ራውተሩ የሚመራው ከሆነ ደግሞ የቲሲፒውን (የጠፋ ፓኬት ደግሞ የሚልከውን የመላኪያ ዘዴ) ከፍተኛ የክፍል መጠን ከዚያ 40 ባነሰ፣ ማለትም በ1300 ገድቡት። ይህ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሪፖርቱ ሲከፈት ታያላችሁ። ካልተከፈተ ምክንያቱ ሌላ ነውና ቁጥሩን መልሳችሁ ቀጥሉ።

ከረፋዱ በኋላ የሚመጣው መንቀራፈፍ ላይ ነው እውነተኛው የመስመር ጥያቄ ያለው፤ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ቅርንጫፎቹ ከሰርቨሩ የሚያወርዱት ሁሉ ለኮምቦልቻው ቢሮ መላክ ነው። ኤዲኤስኤል ደግሞ ሲያወርድ ሰፊ፣ ሲልክ ጠባብ ነው። 1 ሜጋ ቢት በሰከንድ መላክ የሚችል መስመር በሰከንድ 125 ኪሎ ባይት ነው የሚያወጣው፤ 10 ሜጋ ባይት ፋይል ለብቻው ቢሄድ እንኳ 80 ሰከንድ ይፈጃል። ዋጋ የጠየቃችሁበት «እጥፍ» የማውረዱን ይሁን የመላኩን በጽሑፍ አስረግጡ። የማውረዱን ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ከዚያ በፊት ግን መላኪያውን ማን እንደሚበላው እዩ። በእኔ ልምድ አንደኛው ተጠርጣሪ የደኅንነት ካሜራ ነው። አንድ ኃላፊ ቤቱ ቁጭ ብሎ የመጋዘኑን ካሜራዎች በስልኩ ሲመለከት የቢሮው መላኪያ ይሞላል፤ ይህንን ለኃላፊው መንገር የቴክኒክ ሥራ ስላልሆነ ዘዴውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ሁለተኛው በቢሮው ዋይፋይ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና የሚጭኑት የሠራተኞች ስልኮች ናቸው። መላኪያው ሲሞላ ሞደሙ ፓኬቶቹን ወረፋ ያስይዛል፤ በ40 ሚሊ ሰከንድ ይመለስ የነበረ ፒንግ ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል። ዋየርጋርድ በዚህ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው መልስ ሲጠብቅ ትዕግሥቱ ያለቀበት የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ራውተራችሁ ማይክሮቲክ ከሆነና ሥርዓቱ ሰባተኛው እትም ላይ ከደረሰ ኬክ ወይም ኤፍኪው ኮደል የሚባሉት የወረፋ ዘዴዎች አሉት። መላኪያውን ከለካችሁት በ10 ወይም 15 በመቶ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡና ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን እናንተ በምትቆጣጠሩት ራውተር ውስጥ እንዲሆን አድርጉ። ካሜራውንም ለብቻው ገድቡት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የሒሳብ ፕሮግራሙ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን አሁኑኑ ብናገረው ይሻላል። እንደ ፒችትሪ ያሉ ፕሮግራሞች መረጃውን ከተጋራ ፎልደር ሲያነብቡ የተሠሩት ለአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ነው። አንድ ሪፖርት ለማውጣት ከሰርቨሩ ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። አንድ ሺህ ምልልስ አለ ብንል፣ ቢሮው ውስጥ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል፤ በሞባይል መስመር በ60 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይሆናል። መስመሩን አሥር እጥፍ ብታሳድጉት ይህ ደቂቃ አይቀንስም፤ ምክንያቱም የመስመሩ ስፋት ሳይሆን የምልልሱ መዘግየት ነው የሚያስጠብቀው። ከዚህ የባሰው ደግሞ መሃል ላይ ሲቆረጥ የመረጃው ፋይል ሊበላሽ መቻሉ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡና ቅርንጫፎቹ በሪሞት ዴስክቶፕ ይግቡ፤ በመስመሩ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የቁልፍ ምት ብቻ ይሆናል። ቢቆረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይጠብቃል። ሪሞት ዴስክቶፑን ግን በቪፒኤኑ ውስጥ ብቻ ክፈቱት፣ ወደ ኢንተርኔት አታጋልጡት። ለተጠቃሚዎቹ ቁጥር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከወዲሁ አስቡበት። ከሁሉም ምክሬ አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህንን ሥሩ።

አንድ ወንድም «ወደ ኦፕን ቪፒኤን ለውጡና በቲሲፒ 443 አስኬዱት» ብሏል። ዩዲፒ (የጠፋ ፓኬት የማይደግመው፣ ዋየርጋርድም የሚጠቀምበት ዘዴ) በተዘጋበት ቦታ መጨረሻ ላይ የሚሞከር መንገድ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ውስጥ ያለው ቲሲፒ ፓኬት ሲጠፋበት እንደገና ይልካል፤ ውጭ ያለውም ቲሲፒ ያንኑ እንደገና ይልካል፤ ሁለቱ እየተደራረቡ መስመሩ ይታነቃል። ፓኬት በሚጥል የሞባይል መስመር ላይ ከዚህ የከፋ ምርጫ አላውቅም። ኦፕን ቪፒኤን የግድ ከሆነ በዩዲፒ 1194 ይሁን። ፒፒቲፒን (የድሮ የቪፒኤን ዓይነት) ያነሣም አለ፤ የይለፍ ቃል አጠባበቁ እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ የተሰበረ ነገር ስለሆነ አልከራከርበትም።

ደሴ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚብሰው ደግሞ የቪፒኤን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ይዞ አንድ አንቴና ላይ ይሰፍራል። የራውተሩን ገጽ ከፍታችሁ የሲግናሉን ኃይል እዩ፤ አርኤስአርፒ የሚለው ቁጥር ከ-110 ዲቢኤም በታች ከወረደ ደካማ ነው። ራውተሩ የብረት ቁም ሣጥን ላይ ወይም ከግድግዳ ጀርባ ከሆነ ወደ መስኮት አውጡት፤ ደሴ በተራራ የተከበበች ስለሆነች የትኛው መስኮት የሚለውም ለውጥ ያመጣል።

የቀሩት ቶሎ የሚታዩ ናቸው። በሞባይል መስመር ላይ ያሉት ሁለቱ ቅርንጫፎች በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልኩ አድርጉ፤ አለበለዚያ ዝም ሲሉ በመሃል ያለው የአድራሻ ልወጣ (ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ የውጭ አድራሻ የሚያስወጣው) ይረሳቸዋል። የኮምቦልቻው የውጭ አድራሻ ቋሚ ካልሆነ ሞደሙ በተነሣ ቁጥር ይቀየራል፤ ዋየርጋርድ ደግሞ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሲነሣ አንዴ ብቻ ስለሆነ በድሮው አድራሻ ይቀራል። ሁለት ቢሮዎች በአንድ ዓይነት 192.168.1 አድራሻ እየሠሩ ከሆነ አንዱን ቀይሩ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ሞደሙ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ከሆነም ሞደሙን ወደ ዩፒኤሱ አዛውሩት።

ወንድም፣ የወልድያው ኮምፒውተር ሰዓት ስንት እንደሚልና ከደሴ ያለፈው የፒንግ መጠን ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልን፤ ቀሪውን ከዚያ ተነስተን እናየዋለን።