ነጭ ፊደል በነጭ ሳጥን

ጥያቄ፦ በሠራሁት የሱቅ ድረ ገጽ ላይ ደንበኞች ስምና ስልክ የሚሞሉበት ፎርም አለ። በኔ ኮምፒውተር ደህና ይታያል። አንዳንድ ደንበኞች ግን «ስንጽፍ ሳጥኑ ባዶ ነው» ይሉኛል፤ ሲልኩት ግን የጻፉት ይደርሰኛል። ለቦዲ (ለገጹ ዋና አካል) ጥቁር ፊደል፣ ለሳጥኖቹ ነጭ ጀርባ ሰጥቻለሁ። ዳርክ ሞድ (ጠቆር ያለው ገጽታ) ላይም እንዲሠራ ከለር ስኪምን፣ ማለትም ገጹ የሚደግፋቸውን ገጽታዎች ለብራውዘሩ የሚነግረውን መስመር፣ «ላይት ዳርክ» ብዬዋለሁ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ቅሬታ ያቀረቡልዎት ስልካቸውን ዳርክ ሞድ ላይ ያደረጉት መሆን አለባቸው። ፊደሉ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ ነው የማይታየው።

ለቦዲ የሰጡት ጥቁር ቀለም ሳጥኑ ጋ አይደርስም። የፊደል ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ብራውዘሩ ግን ለፎርም ሳጥኖች (ለኢንፑት፣ ለቴክስትኤሪያና ለሴሌክት) የራሱን ቀለም ስለሚሰጣቸው ውርሱ እዚያ ይቋረጣል። «ላይት ዳርክ» ሲሉት ደግሞ በዳርክ ሞድ የሳጥኑን ፊደል ነጭ፣ ጀርባውን ጥቁር ያደርጋል። እርስዎ ጀርባውን ብቻ ወደ ነጭ መለሱት።

ባክግራውንድ ከለር (የጀርባውን ቀለም) በጻፉበት በዚያው ሩል (የትእዛዝ ስብስብ) ውስጥ ከለርንም (የፊደሉን ቀለም) ይጻፉ። ለዳርክ ሞድ የተለየ ሚዲያ ኩዌሪ (በዚያ ገጽታ ብቻ የሚሠራ ትእዛዝ) ካለዎት እዚያም ሁለቱን በአንድነት ይቀይሩ። ፕሌስሆልደሩንም (ሳጥኑ ባዶ ሳለ የሚታየውን ፍንጭ) አይርሱት፤ ቀለሙ የሚሰጠው ለብቻው ነው።

በጀርባ ምስል ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለዎትም ይኸው ችግር ይመጣል። ኔትወርክ ደክሞ ምስሉ ካልወረደ ጽሑፉ በነጭ ገጽ ላይ ይቀራል፤ ከምስሉ ስር ጠቆር ያለ ቀለም ያኑሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው፦ ባክግራውንድ ከለርን አስቀድመው ጽፈው ከበታቹ ምስሉን በአጭሩ «ባክግራውንድ» ካስገቡት፣ የታችኛው መስመር የላይኛውን ቀለም ሰርዞ ጀርባውን ቀለም አልባ ያደርገዋል። ቀለሙን እዚያው ከምስሉ ጋር በአንድ መስመር ይጻፉት።

ለመፈተሽ ስልክ መቀያየር አያስፈልግም። በክሮም ዴቭቱልስ (በብራውዘሩ የገጽ መፈተሻ መሣሪያ) «ሬንደሪንግ» በሚለው ክፍል ገጹን ወደ ዳርክ ሞድ አዙረው እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ነጭ ላይ ግራጫ ፊደል እወዳለሁ። እስከ ምን ድረስ ማፍዘዝ ይቻላል?

መልስ፦ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው የደብሊው ስሪ ሲ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። #767676 የተባለው ግራጫ ነጭ ላይ 4.54 ስለሚሆን ለጥቂት ያልፋል፤ #777777 ግን 4.48 ሆኖ ይወድቃል። ለአማርኛ ከዚህም ጠቆር ያድርጉት፤ #444444 ጥሩ ነው። «ቡ»ን ከ«በ» የምትለየው ትንሽዬ ሰረዝ ናት፤ ፊደሉ ሲያንስና ሲፈዝ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው ናት።