ኤአይ ሥራዬን ሊወስደው ነው ወይ ለሚል ወጣት መሐንዲስ

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ገና የተመረቀ ወጣት መሐንዲስ አግኝቶኝ ስለ ኤአይ፣ ማለትም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አንስቶ እንዲህ አለኝ፦ «አምስት ዓመት የለፋሁበትን ይሄ ቻትጂፒቲ የሚሉት የኤአይ ፕሮግራም በደቂቃ ጽፎ ያቀርበዋል። ታዲያ እኔ ምን ቀረኝ? ከአሁኑ ሌላ ሙያ ብፈልግ አይሻልም?» ለወሬ ያህል የተናገረው አልነበረም፤ ከልቡ ሰግቷል። እዚያው ላይ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ መልሱንም እንደሱ ለሰጋችሁ ሁሉ በጽሑፍ ማድረግ ይሻላል አልኩ።

ሥራ ስጀምር ቢሯችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ድራፍትስማን ነበሩ። ዛሬ ይህን ሙያ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። መሐንዲሱ አስልቶ በእርሳስ የሞነጫጨረውን ተቀብሎ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ራፒዶግራፍ በሚባል የቀለም ብዕር የሚያሰፍረው ድራፍትስማኑ ነው። መስመር ከተሳሳተ የደረቀውን ቀለም በምላጭ ይፍቃል። እጁ ትንሽ ከከበደ ወረቀቱ ይቀደድና የስንት ቀን ድካም ገደል ይገባል። ያለቀው ሥዕል ደግሞ በአሞኒያ በሚሠራ ማሽን ይባዛል። የዚያ ማሽን ክፍል ጠረን ዓይን ያስነባ ነበር፤ ኮፒዎቹ ሲወጡ ገና ሞቅ እንዳሉ እየተሻማን እንወስዳቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሥዕል ከቢሮ እስኪወጣ ድረስ ስንት ሰው እንደሚያየው አሁን ሳስበው ይገርመኛል። መሐንዲሱ ያየዋል፣ ድራፍትስማኑ ያየዋል፣ አራሚው ያየዋል፣ አባዡ እንኳ ያየዋል።

ጋሼ ዲግሪ አልነበራቸውም። ነገር ግን ሲሥሉ ሕንፃውን በሐሳባቸው እየገነቡ ነበር። ፌሮው (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት) የት እንደሚታጠፍ፣ ስታፋው (ዋና ብረቶቹን የሚያቅፈው ቀለበት) በየት በኩል እንደሚገባ፣ ኮንክሪቱ በብረቶቹ መካከል ማለፍ ይችል እንደሆነ ያዩታል። አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን የበረንዳ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል፣ ዝርዝር ሰጣቸው። ጥቂት መስመር እንደሣሉ ብዕራቸውን ከደኑና ጠሩት።

«ይሄ በረንዳ ሸክም ሲበዛበት ወዴት ነው የሚጎብጠው?»

«ወደ ታች ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሲጎብጥ የሚሳበው የትኛው ፊቱ ነው?»

ልጁ መልስ አጣ። «ፌሮውን ከሥር ነው ያደረግኸው፤ ከላይ ነው መሆን ያለበት» አሉት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መሐንዲስ ላልሆናችሁ ላስረዳ፦ ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋናው ብረት የሚገባው በሚሳበው ወገን ነው። ከግድግዳ ወጥቶ ጫፉ ያለ ድጋፍ በቀረ ሶሌታ ላይ የሚሳበው የላይኛው ፊት ነው። ብረቱ ከሥር ከቀረ፣ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የተሞላበት ቅርጽ መያዣ) የተነሳ ቀን በረንዳው ሊወድቅ ይችላል።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። አውቶካድ የተባለው የሥዕል መሣያ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ እኛ ቢሮ የገባው ግን ቆይቶ ነው። ማሽኑን የሚነካ አንድ ወጣት ተቀጠረ። ጋሼ አንድም ቀን ወንበር ስበው አጠገቡ አልተቀመጡም። ሻይ ላይ ስለ ማሽኑ ሲነሳ ተነስተው ይወጣሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «የሚፈልጉት እጄን ነበር፤ እጄን ይሄ ነገር ተካው» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ከጊዜያቸው በፊት ጡረታ ጠየቁ፤ አለቆችም ሳያንገራግሩ ፈረሙላቸው። እኔ ያን ጊዜ የጀማሪ ጀማሪ ነኝ፤ የሚሰማኝም አልነበረም።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ሥዕሎቻችን አማሩ። መስመሩ እኩል፣ ጽሑፉ ንጹሕ፣ ሁሉም በልኩ። ከአንዱ ፕሮጀክት የተወሰደ ዝርዝር እንዳለ ሌላው ላይ ይለጠፋል። አንድ ጊዜ ታዲያ የበረንዳ ሶሌታ ብረቱ ከሥር እንደሆነ ተፈርሞበት ወጣ። ቢሮ ውስጥ ያየው ሁሉ አልፎታል፤ ያንን የመሰለ ጥርት ያለ ሥዕል ስሕተት ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠርጥር? ኮንክሪት ሊሞላ ሲል የያዘው ሳይት ላይ የነበረ ፎርማን ነው። ያ ፎርማን ባይኖር ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ዛሬም ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ኮምፒዩተሩ መምጣቱ አይቆጨኝም፤ ሥራችንን አቅልሏል። የሚቆጨኝ ያ ዓይን ከዚያ ማሽን ጎን አለመቀመጡ ነው። ጋሼ እጃቸው ብቻ የሚፈለግ መስሏቸው ሄዱ፤ እጃቸውን የተካው ማሽን ግን ዓይናቸውን አልተካም ነበር። ይህን የነገራቸውም አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ማንም ሥራውን አያጣም ብዬ አልዋሻችሁም። የድራፍትስማን ሙያ እውነትም ከስሟል፤ በኤአይም የሚከስሙ ሥራዎች ይኖራሉ። ነገር ግን የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። ጄፍሪ ሂንተን በዚህ ዘርፍ ካሉት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ራዲዮሎጂስቶችን፣ ማለትም ራጅና መሰል ምስሎችን የሚያነቡ ሐኪሞችን፣ ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል፣ ምናልባትም አሥር ሊፈጅ ይችላል ብሎ ነበር። ዛሬ ራዲዮሎጂስቶች እየተፈለጉ ነው። ያኔ ያን ቃል ሰምቶ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት ካለ አዝንለታለሁ። ያው ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግልን ለቆ የኤአይን አደጋ በግልጽ ማስጠንቀቅ ጀመረ፤ ይህንን ስጋቱን ግን ከቁምነገር እቆጥረዋለሁ። ሰውየው በትንበያው መሳሳቱ ማስጠንቀቂያውን ከንቱ አያደርገውም።

ማሽን ላይ አለቅጥ መተማመን ምን እንደሚያመጣ ሙያችን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኖርዌይ ውስጥ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ የጋዝ መድረክ የኮንክሪት መሠረት፣ ውኃ ውስጥ ዝቅ እየተደረገ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰመጠ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ኮምፒዩተሩ አንዳንድ ክፍሎች ላይ የሚያርፈውን ሺር ኃይል (አካሉን እንደ መቀስ ሊቆርጥ የሚሞክረውን ኃይል) 47 በመቶ አሳንሶት ነበር፤ ለዚህም ምክንያቱ መሐንዲሶቹ ያስገቡት ሞዴል ለስሌት ወደ ትንንሽ ክፍሎች በሚገባ አለመሸንሸኑ ነው። ከአደጋው በኋላ በያው ዓይነት ዘዴ፣ ግን በጥንቃቄ ሲሰላ፣ መሠረቱ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር ታየ። የተሰበረው 65 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማሽኑ ማሳየት ይችል ነበር፤ ውጤቱን አይቶ «ይሄ ቁጥር አነሰብኝ» የሚል ሰው ነው የጠፋው።

ያ ግን የሚያሰላ ማሽን ነበር። ጄኔሬቲቭ ኤአይ፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ጽሑፍ አመንጪ፣ ከዚያ ይለያል፤ ከሥር ከመሠረቱ የሚሠራው፣ ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። ስለዚህ የማያውቀውንም እንደሚያውቀው አሳምሮ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ዳኛው የቀጣው ማሽኑን አይደለም፤ የፈረሙትን ነው።

ፍርሃታችሁን የሚያስለቅቅ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ በደንብ በምታውቁት ነገር ፈትኑት። በእጃችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራችሁትን ስሌት ስጡትና የት ላይ እንደሚስት ፈልጉ። እኔ ስለ ተከታታይ ቢም (ከሁለት በላይ ድጋፎች ላይ የተዘረጋ አግዳሚ) ጠይቄው ብረቱ ድጋፎቹ ላይ ከላይ፣ መካከሉ ላይ ከታች እንደሚሆን በትክክል መለሰልኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ የሕንፃ ንድፍ ደንብ አንቀጽ በቁጥር ጠቀሰ። መጽሐፉን ስገልጥ አንቀጹ የሚያወራው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልፈራውም፤ በጭፍንም አላምነውም። በአማርኛ ስትጠይቁት ደግሞ ይበልጥ ንቁ፤ የተማረው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

የእናንተን ትውልድ ድፍረት እወደዋለሁ። እኛ አዲስ ዕቃ ለመንካት ፈቃድ እንጠይቅ ነበር፤ እናንተ ከፍታችሁ ትገባላችሁ። ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል፦ መልስ ስታገኙ «ለምን?» የምትሉት ጥቂቶች ናችሁ። ጋሼ ያንን ልጅ የጠየቁት ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ኮምፒዩተር ሳይበራ መመለስ ይቻላል። እነዚያን የምትመልሱበትን ዕውቀት ለማሽኑ አሳልፋችሁ ከሰጣችሁ፣ ያኔ ሥራችሁን ቢወስደው አልፈርድበትም። ከላይ ፍርሃታችሁን የሚያስለቅቅ ነገር ነግሬያችሁ ነበር፤ ፊርማ ላይ ስትደርሱ ግን ትንሽ ፍርሃት ይኑራችሁ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ ስፈርም አሁንም ልቤ ይመታል፤ እንዲተወኝም አልፈልግም።

ስለ ይለፍ ቃልና ስለ መሳሰለው አልነግራችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የደንበኛን ሥዕልና የአፈር ምርመራ ሪፖርት ግን ያለ ፈቃድ ለማሽኑ አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን ሚስጥራዊ ኮድ ቻትጂፒቲ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ኩባንያው ያኔ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከልክሎ ነበር። የሰው ንብረት በአደራ ነው የያዛችሁት።

ለአለቃዬ ኤአይ መጠቀሜን ልንገረው ወይ የምትሉም አላችሁ። ንገሩት። ስሌቱ ገጽ ላይ ምን እንደጠየቃችሁት፣ ምን እንደመለሰ፣ እናንተ በምን እንዳመሳከራችሁት በአጭሩ ጻፉ። አያስፈልግም ቢላችሁም ጻፉ። ሕንፃው ቆይቶ ፎቅ ሊጨመርበት ማኅደሩ ሲወጣ፣ የሚያነበው መሐንዲስ የትኛው ቁጥር ከማሽን እንደመጣ፣ የትኛውን ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳሰላው ማወቅ አለበት።