«ደህና ነኝ» የሚሉ ወላጆችና የካሊፎርኒያ የቤት ለቤት እንክብካቤ

ካሊፎርኒያ ውስጥ የደከመ እናቱን ወይም አባቱን የሚጦር ልጅ ለሚሠራው ሥራ በሰዓት ሊከፈለው ይችላል። ፕሮግራሙ አይ.ኤች.ኤስ.ኤስ (የቤት ውስጥ ድጋፍ አገልግሎት) ይባላል፤ የሚያስተዳድረውም ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ሜዲኬርን፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የፌደራል የጤና መድን፣ ይጠብቃል። ሜዲኬር ሐኪምና ሆስፒታል ይከፍላል እንጂ ዕለት ዕለት ለማጠብ፣ ለማልበስና ለማብላት አይከፍልም። ለዚህ የሚከፍለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የቆመው የጤና መድን፣ ሜዲኬይድ ነው፤ በካሊፎርኒያ ስሙ ሜዲ-ካል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወላጅ ሜዲ-ካል መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የንብረት ገደቡ ተመልሷል፤ ለአንድ ሰው 130,000 ዶላር ነው፤ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠርም።

ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት ያልሞላቸውን የፌደራሉ ሕግ ከሜዲኬይድ ያግዳል፤ ካሊፎርኒያ ግን እነሱን በራሷ ገንዘብ ስትሸፍን ቆይታለች። «አምስት ዓመት ይሙላቸው» ብላችሁ አትቀመጡ። አመልክቱና ካውንቲው መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ካመለከታችሁ በኋላ ኤስ.ኦ.ሲ 873 የሚባል የሐኪም ፎርም ይሰጣችኋል፤ በ45 ቀን ውስጥ ተሞልቶ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጉዳይ ይበላሻል። ሐኪሙ ቸኩሎ «ስኳር፣ ደም ግፊት» ብሎ የበሽታ ስም ብቻ ይጽፋል። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን ሰውየው ያለ ረዳት ምን ማድረግ እንደማይችልና ረዳት ካጣ ከቤቱ ወጥቶ እንክብካቤ ተቋም የመግባት አደጋ እንዳለበት ነው። ለሐኪሙ ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮው ከ45 ቀን በኋላ ከሆነ ፎርሙን ቀድማችሁ ለክሊኒኩ ስጡ።

ከዚያ ሶሻል ወርከር (የካውንቲው ሠራተኛ) ቤት ድረስ ይመጣል። በወር ስንት ሰዓት እንክብካቤ እንደሚከፈል የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው፤ እኛ ቤት በብዛት የሚጠፋውም ያን ቀን ነው። ልጆች ቤቱን አጽድተው፣ እናትን ነጭ ቀሚስ አልብሰው፣ ቡና አቅርበው እንግዳ ይጠብቃሉ። «ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እለብሳለሁ» ይላሉ፤ ጠዋት ያለበሰቻቸው ልጃቸው እዚያው ቆማለች። ባዕድ ፊት ድካምን መዘርዘር ነውር ሆኖ ስላደጉ ነው። ሶሻል ወርከሩ ግን የሰማውን ይጽፋል። ለአብዛኛው ሥራ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 ያለ ረዳት የሚችል፣ 5 ጨርሶ የማይችል ማለት ነው፤ ሰዓቱም ከዚያ ይሰላል። ጣሪያው በወር 283 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት መዝግቡ፦ ገላ ማጠብ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ከአልጋ ማንሳት፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ ሌሊት ስንቴ ተነሳችሁ። የጽዳት፣ የምግብ ማብሰልና የልብስ አጠባ ሰዓት አብሮ ለሚኖረው ቤተሰብ ሁሉ ስለሚካፈል አንድ ቤት አብረው ለሚኖሩ ብዙ ሰዓት አይገኝበትም። ዋናው ሰዓት ያለው ሰውነታቸውን በመርዳት ላይ ነውና እሱን በደንብ ጻፉ። ወላጃችሁንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ፦ «እማዬ፣ ይሄ ልመና አይደለም፤ ለሐኪም እንደሚነገረው ያለውን እንዳለ ተናገሪ» በሏቸው። አስተርጓሚ በነጻ ይመጣል፤ ቀጠሮ ሲያዝ ጠይቁ። የልጅ ልጅን አታስተርጉሙ፤ አያት በልጅ ፊት ስለ ሽንት አያወሩም።

የመርሳት ሕመም ካለ የጥበቃ ሰዓት፣ ማለትም አደጋ እንዳይደርስባቸው ለመጠበቅ የሚከፈል ሰዓት አለ፤ ፎርሙ ኤስ.ኦ.ሲ 821 ነው። «ብቻቸውን ከተተዉ ይወድቃሉ» ማለት አይበቃም፤ የአካል ድካም ብቻ ከሆነ ይከለከላል። አደጋውን ራሳቸው የማያመዛዝኑ መሆናቸው መታየት አለበት፦ ጋዝ ከፍቶ መርሳት፣ ከቤት ወጥቶ መንገድ ማጣት። ቀኑን እየጻፋችሁ ያዙ።

የሚንከባከበው ልጅም በበኩሉ ይመዘገባል፦ ፎርም፣ የጣት አሻራ፣ ኦሬንቴሽን (የማስተዋወቂያ ትምህርት)፣ የስምምነት ፊርማ። ከወላጁ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ከሆነ ኤስ.ኦ.ሲ 2298ን ይሙላ፤ ክፍያው ከገቢ ታክስ ነጻ ይሆናል። ይህን ሳይሞሉ ዓመታት የሚከፍሉ አሉ፣ ያሳዝናል።

ሥራ ያለው ልጅ ወላጁ በጠና ሲታመም በስቴቱ የቤተሰብ ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 8 ሳምንት ከደመወዙ 70 እስከ 90 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ለኢ.ዲ.ዲ (ይህን ክፍያ ለሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) የሚያመለክተው ፈቃዱ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ 41ኛው ቀን ነው።

የተሰጣችሁ ሰዓት ካነሰ ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ። የነበረ ሰዓት ተቀንሶባችሁ ከሆነ ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከጠየቃችሁ እስኪወሰን የቀድሞው ይቀጥላል። ፖስታውን ሳትከፍቱ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት።

ወላጅ ሆስፒታል ሲተኙ ወይም ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱ እዚህ እንደሠራችሁ አድርጋችሁ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) አትሙሉ፤ ማጭበርበር ነው፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ኤስ.ኤስ.አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌደራል ወርሃዊ ድጎማ) የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ሲሞላቸው ክፍያው ይቆማል፤ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለካውንቲውና ለሶሻል ሴኩሪቲ የመውጫና የመመለሻ ቀኑን አሳውቁ።