የጎርጎራ ማሳዎች ጣና ውስጥ ሲታዩ፦ መታረም ያለበት ዳታቤዙ ነው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂያችን ከድሮ ቶፖ ካርታ ላይ የተሣሉ የጣና ዙሪያ ይዞታዎችን ወደ ፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ የሚይዝ ዳታቤዝ) አስገብታ በኪውጂአይኤስ (ካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ስትከፍት፣ በጎርጎራ በኩል ያሉት ማሳዎች ሐይቁ ውስጥ ገብተዋል፤ በባሕር ዳር በኩል ያሉት ደግሞ ከዳርቻው ሸሽተዋል። ማሳዎቹን ከቀበሌ ስም ጋር አጣምራ የሠራችው ቪውም (ከቴብሎች ተጣምሮ የሚታይ ዝርዝር) አልከፈት ብሏታል። «አንድ በአንድ እየጎተትኩ ቦታቸው ልመልሳቸው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትጎትቺ! መልሱ ራስሽ በጻፍሽው ውስጥ አለ። ጎርጎራ ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ባሕር ዳር በስተደቡብ ናቸው። የሰሜኑ ወደ ውሃው ገባ፣ የደቡቡ ከውሃው ራቀ ማለት ሁሉም አብረው ወደ ደቡብ ተንሸራተዋል ማለት ነው። የሣለው ሰው እጅ ቢሆን ያሳሳተው፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሄድ ነበር። እንዲህ አብሮ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳተሙ፣ ማለትም የካርታው ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው።

የድሮዎቹ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ጂፒኤስ የሚሠራው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84። ሁለቱም በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሲጻፉ ቁጥራቸው በዓይን አይለይም፤ ባሕር ዳር በሁለቱም ምሥራቁ 320 ሺህ፣ ሰሜኑ 1 ሚሊዮን 280 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ለአንድ ቦታ የደብሊውጂኤሱ ቁጥር ወደ ምሥራቅ በ90፣ ወደ ሰሜን በ200 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በሶፍትዌሩ ውስጥ የአዲንዳኑ መለያ ቁጥር 20137፣ የደብሊውጂኤሱ 32637 ነው። የአዲንዳን ቁጥር 32637 ተብሎ ከተመዘገበ ማሳው በዚያው ልክ ወደ ደቡብ፣ ጥቂትም ወደ ምዕራብ ይወርዳል። አንቺ ያየሽው ይህን ነው።

ከማረምሽ በፊት ግን ለኪ። የሐይቁን ዳርቻ ለማመሳከሪያ አትያዢው። ጣና ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ሰኔ አካባቢ ይጎድላል፤ ደምቢያና ፎገራ ሜዳው ላይ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎት ይዘራል። ከዚያው ካርታ የተሣለ ድልድይ ወይም የመንገድ መገናኛ ፈልጊና ሳተላይት ምስሉ ላይ ካለው ጋር ያለውን ርቀት ለኪ። ከላይ ለጠቀስኳቸው ቁጥሮች ከቀረበ፣ ዳተሙ ነው።

አሁን ወደ እርማቱ። ብዙ ሰው ኪውጂአይኤስ ላይ የሌየሩን (የማሳዎቹን የካርታ ንብርብር) ፕሮጀክሽን ወደ 20137 ይቀይርና ማሳው ቦታው ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የተስተካከለው ግን የእሱ ፕሮጀክት ብቻ ነው፤ ከዚያው ዳታቤዝ የሚከፍት ባልደረባው አሁንም ማሳዎቹን ውሃ ውስጥ ያገኛቸዋል። የይዞታ መረጃ የሰው መሬት ነውና እንዲህ መተው የለበትም።

ፖስትጂአይኤስ ላይ ሁለት ትዕዛዞች አሉ። ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ መለያውን ብቻ ይቀይራል፤ የጆንያውን ጽሑፍ እንጂ ጤፉን አይነካም። ኤስቲ_ትራንስፎርም ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ ይለውጣል። ያንቺ ቴብል የተሳሳተ መለያ ስላለው ሁለቱም በቅደም ተከተል ያስፈልጉሻል፦ መጀመሪያ በሴትኤስአርአይዲ 20137 በይው፣ ቀጥሎ በትራንስፎርም ወደ 32637 አሻግሪው። ባክአፕ ሳትይዢ እንዳትጀምሪ። መጀመሪያ በአንድ ማሳ ሞክሪና የቁጥሩን ለውጥ እዪ፤ ወደ 90 እና 200 ካልተጠጋ የተመረጠው የዳተም ማሻገሪያ ለኢትዮጵያ የሚሆነው አይደለምና እዚያው አቁሚ። ትዕዛዙን ሁለት ጊዜም አታስኪጂው፤ ሁለተኛው ዙር ማሳውን እንደገና ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ይገፋዋል።

የቪውሽ ችግር ቀላል ነው። ኪውጂአይኤስ እያንዳንዱን ማሳ የሚለይበት የማይደገም ቁጥር ይፈልጋል፤ ቪው ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር (ፕራይመሪ ኪይ) የለውም። የማሳውን ቴብል መለያ ቁጥር ቪውው ውስጥ ጨምሪና ሌየሩን ስትጨምሪ ያንን ኮለም ምረጪ። ለአንድ ማሳ ሁለት የቀበሌ ስም የሚመጣ ከሆነ ግን ቁጥሩ ስለሚደገም አንዳንድ ማሳ ይጠፋብሻል፤ ማጣመሩን አስቀድመሽ አጥሪው። በዚህ ቪው ላይ ለማየት እንጂ ለማረም አትሞክሪ፤ እርማቱን ዋናው ቴብል ላይ አድርጊ።