ያበጠ ግድግዳ በሸካራ ቅብ ይሸፈናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ለእንቁጣጣሽ ሳሎኔን ላድስ ብዬ ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሸካራ ቅብ ላስቀባው አስቤያለሁ። ግድግዳው ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ይዋሰናል፤ ከታች አንድ ክንድ ያህል ቀለሙ አብጦ ይፈረፈራል። ያነጋገርኩት ቀቢ «ወፍራም ቴክስቸር ከተደረገበት አይታይም» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ እኔና ትልቋ ልጄ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ሳያስቀቡ ጠየቁኝ። ያንን ግድግዳ ለጊዜው ተዉት። ቀለሙን ያሳበጠው ከጀርባ የሚመጣ ውኃ ነው፤ ወይ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ወይ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ተከፍቷል። ወፍራም ቅብ ውኃ አያቆምም። እንዲያውም ክብደት ስላለው ሲለቅ ስቱኮውን፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር ያለውን ማለስለሻ፣ ይዞ ነው የሚወርደው።

በዚህ ሙያ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። በአራተኛው ዓመቴ፣ በሐምሌ፣ ሙሽሮች ሊገቡበት ባለ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ሸካራ ቅብ ሠራሁ። ያን ቀን ሲያዩት ያምር ነበር። በጥቅምት ተጠርቼ ስሄድ ከታች በኩል እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ተቆልምሞ አገኘሁት። በስፓቱላ ፍቄ በራሴ ወጪ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ሳልፈትሽ የቀለም ባልዲ ከፍቼ አላውቅም።

ፍተሻው እርስዎም የሚችሉት ነው። ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፈው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። በማግስቱ ሲያነሱት ግድግዳውን በነካው ፊት ላይ ጤዛ ካለ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ያስጠሩ፣ ያበጠውን ያስፍቁ፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት ይድረቅ።

ለበዓሉ ግን ሌላ ግድግዳ ይምረጡ፤ መስኮቱ በጎኑ የሆነውን። ብርሃን ከጎን ሲመታው እያንዳንዷ እጥፋት ጥላ ትጥላለች፤ ፊት ለፊት ሲመታው ግን ያ ሁሉ ልፋት ዝርግ ሆኖ ይቀራል። ቡና የሚያፈሉበትን ጥግም ይለፉት፤ የእጣኑና የቡናው ጭስ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል፣ በጨርቅ ቢወለወልም በቀላሉ አይለቅም።

ራሳችሁ መሥራቱን በሚገባ ትችላላችሁ። ሁለት መሆናችሁም ደግ ነው። እናቴ ጎጃም ውስጥ ቤታችንን ስትመርግ፣ ጭድና ጭቃውን አስረግጣ ከለጠፈች በኋላ በአራት ጣቷ ግማሽ ክብ እየሳበች ታልፍበት ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ መድረስ ነበረባት፤ ከጠጠረ ጣት አይቀበልም። የእናንተም ሥራ ያው ነው፣ ጣቱን በፌስታል መተካት ብቻ ነው።

ግድግዳው የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ከሆነ አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩት፤ አለዚያ ስቱኮው አይዝም። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ውኃ እያስነኩ ይፈግፍጉት፣ ትንሿ ልጅዎም በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ትዋል። ከዚያ በውኃ የቀጠነ ፕላስቲክ ቀለም አንድ ዙር ቀብተው ያድርቁት።

ስቱኮውን ከጥቂት ፕላስቲክ ቀለም ጋር እንደ ገንፎ ወፈር አድርገው ያዋህዱ። እርስዎ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ በግማሽ ሜትር ስፋት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት በስፓቱላ ይለጥፉ። ልጅዎ ጭምድድ ያለውን ስስ ፌስታል ታስነካና በመዳፏ ተጭና ቀጥ አድርጋ ወደ ራሷ ታንሳው። ወደ ጎን ከጎተተችው ቅርጹ ይጠፋል። በየጊዜው ፌስታሉን ታገላብጠው፤ ያለዚያ አንዱ ቅርጽ እየተደጋገመ ማህተም ይመስላል። ላዩ ማብረቅረቁን ሲተው ሹል ሹሉን በስፓቱላ ጠርዝ ቀስ ብለው ያስተኙት።

ግድግዳው እስኪያልቅ አያርፉ። መሃል ላይ ቡና ልጠጣ ብለው ከተነሡ የተውበት መስመር ደርቆ፣ በኋላ ስንት ዙር ቢቀባ ይታያል። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሁለት ሦስቴ ይለማመዱ። የነሐሴ አየር ስለማያደርቅ ሁለት ቀን ጠብቀው፣ ጸጉሩ ረዘም ባለ ሮለር ሁለት ዙር ይቅቡት። የተረፈውን ቀለም በጠርሙስ ከድነው የቀለሙን ቁጥር ይጻፉበት፤ ሶፋ ወይም ወንበር ግድግዳውን ሲፍቀው ይፈልጉታል።